ከስኳሩ ጠረጴዛ ሥር የተለጠፈችው ማስጠንቀቂያ፦ የካሊፎርኒያው የቡና ክስ

በአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት በሚገኙ ብዙ ካፌዎች ውስጥ አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ነበረች። እዚህ የሚሸጠው ቡና አክሪላማይድ የሚባል ካንሰር አምጪ ኬሚካል አለበት ትላለች። እኛ አልጨመርነውም፣ ቡናው ሲቆላ የሚፈጠር ነው ብላም ታክላለች።

ችግሩ የተለጠፈችበት ቦታ ነው። በአንዳንዶቹ ካፌዎች ይህች ወረቀት የምትገኘው ወተትና ስኳር ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ ሥር ነበር። ሰው ተሰልፎ ያዝዛል። ይከፍላል። ቡናውን ይቀበላል። ከዚያ ስኳር ሊጨምር ሄዶ፣ ጎንበስ ካለ፣ ያውም ዓይኑ ካረፈባት ያነባታል። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ቡናውም እጁ ላይ ነው።

ከዚህች ወረቀት ጀርባ 12 ዓመት የፈጀ ክርክር አለ። ክሱ የተከፈተው በ2010 ነው። የይግባኙ ውሳኔ የተሰጠው በ2022። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ አደገኛ ኬሚካል መጻፍ ስፈልግ መርዝ የደበቀ ነጋዴ ታሪክ መምረጥ እችል ነበር። ቡናውን የመረጥኩት በምክንያት ነው። እዚህ ጉዳይ ውስጥ ሆን ብሎ መርዝ የጨመረ የለም። ያለው ሁሉም ሰው የሚያውቀው መጠጥ፣ ከእሳቱ የሚወለድ ኬሚካልና «ለገዢው አሳውቅ» የሚል ሕግ ነው። የማሳወቅ ግዴታ ከሻጩ በትክክል ምን እንደሚጠይቅ አጥርቶ የሚያሳየው እንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

ሽጥ፣ ግን ተናገር

ሕጉ በተለምዶ ፕሮፖዚሽን 65 ይባላል። ምክር ቤት ያወጣው አይደለም። የካሊፎርኒያ መራጮች በኖቬምበር 1986 በቀጥታ ድምፅ ያጸደቁት ነው። 63 በመቶ ያህሉ ደግፈውታል።

ብዙ ሰው ሕጉ ኬሚካል የሚከለክል ይመስለዋል። አይደለም። ሽጥ፣ ግን ተናገር ነው የሚለው። ግዛቱ ካንሰር ያመጣሉ፣ ወይም ፅንስንና መራባትን ይጎዳሉ ያላቸውን ኬሚካሎች ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ ዛሬ 900 ገደማ ደርሷል። አንድ ድርጅት የሚሸጠው ዕቃ ሰውን ከእነዚህ ለአንዱ የሚያጋልጥ ከሆነ፣ አስቀድሞ ግልጽና ተገቢ የሆነ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ከ10 በታች ሠራተኛ ያለው ድርጅት ግዴታው አይመለከተውም። ሌላው ካልፈጸመ ለእያንዳንዱ ጥሰት በቀን እስከ 2,500 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። በቀን ስንት ስኒ እንደሚሸጥ አስቡት።

ሕጉን ለየት የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ማንም ሰው ከሳሽ መሆን ይችላል። መጀመሪያ ለድርጅቱና ለዐቃቤ ሕግ የ60 ቀን ማሳሰቢያ ይልካል። ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ካልያዘው ራሱ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከቅጣቱ 25 በመቶው የእሱ ነው፣ 75 በመቶው ወደ ግዛቱ ይገባል። የጠበቃ ወጪውንም ማስከፈል ይችላል። በዚህ መንገድ ሕጉ መንግሥት ሊደርስባቸው የማይችላቸውን ብዙ ዕቃዎች እንዲደርስባቸው ሆኗል። ይህን ክስ እንጀራቸው ያደረጉ ጠበቆችም አፍርቷል። ሁለቱም እውነት ነው።

ሁለተኛው የማስረዳት ሸክሙ ነው። ከሳሽ ሰዎች በዕቃው በኩል ለኬሚካሉ መጋለጣቸውን ካሳየ ኳሱ ወደ ሻጩ ይዞራል። «መጠኑ አያሰጋም» የሚለውን ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ጉዳዩ ሁሉ የሚሽከረከረው በእሷ ላይ ነው።

ከዋሻ ወደ ወጥ ቤት

አክሪላማይድ የካሊፎርኒያ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ1990 ነው። ያኔ ስለ ምግብ ያሰበ ሰው አልነበረም። የሚታወቀው በፋብሪካ ኬሚካልነቱ ነው። ፍሳሽ ውሃ ለማጣራትና ወረቀት ለማምረት የሚያገለግለው ፖሊአክሪላማይድ የሚሠራው ከእሱ ነው። በመጠጥ ውሃቸው የተሰጣቸው የቤተ ሙከራ አይጦች ዕጢ አውጥተዋል። ወደ ዝርዝሩ የገባውም በዚህ ነው።

ከዚያ በ1997 ደቡብ ስዊድን ውስጥ ሃላንድሶስ በተባለ ቦታ የባቡር ዋሻ ሲቆፈር አንድ ነገር ተፈጠረ። ውሃ ወደ ዋሻው እንዳይገባ የአለቱ ስንጥቆች አክሪላማይድ ባለበት ማሸጊያ ተደፈኑ። ማሸጊያው ግን በደንብ ሳይደርቅ ወደ ጅረቱ አመለጠ። ዓሦች ሞቱ። ከጅረቱ የጠጡ ላሞች መቆም አቃታቸው። የዋሻው ሠራተኞች ደም ተመረመረ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ከዋሻው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች ደም አብሮ ታየ። በእነሱም ደም ውስጥ የአክሪላማይድ ምልክት ተገኘ!

እነዚህ ሰዎች ከየት አመጡት? ፍለጋው ተመራማሪዎቹን ወደ ወጥ ቤት ወሰዳቸው። በኤፕሪል 2002 የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የስዊድን የምግብ ባለሥልጣን ውጤቱን ለሕዝብ አስታወቁ። በእህል፣ በድንችና በቡና ፍሬ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ አስፓራጂን የተባለ አሚኖ አሲድ አለ። እሱ በከፍተኛ ሙቀት ከስኳር ጋር ሲገናኝ አክሪላማይድ ይወለዳል። ለጥብሱ ቡናማ ቀለሙን፣ ለቡናው ያን የሚያውድ ሽታ የሚሰጠው ሂደት ነው ይህንንም የሚፈጥረው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያስባልና። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ብዙ አክሪላማይድ ያለበት ይመስላል። ነገሩ ሌላ ነው። አክሪላማይዱ የሚበዛው በቁላቱ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ፍሬው እየጠቆረ ሲሄድ መልሶ ይፈራርሳል። ስለዚህ ቀለል ተደርጎ የተቆላው የበለጠ አለበት። ከአረቢካም ሮቡስታ ይበዛበታል፣ አስፓራጂኑ ብዙ ነውና። ይህ ለክርክሩ ትርጉም አለው። ድንች ላይ አክሪላማይድ ለመቀነስ ብዙ ዘዴ አለ። ቡና ላይ ግን የቁላቱን ልክ መቀየር ማለት ጣዕሙን መቀየር ማለት ነው።

ክሱና ቁጥሩ

በ2010 የመርዛማ ነገሮች ትምህርትና ምርምር ምክር ቤት የሚባል አንድ ትንሽ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። በምሕጻረ ቃል ሰርት ይባላል። ከተከሳሾቹ ዋናው ስታርባክስ ነበር። ቡና የሚቆሉ፣ የሚያከፋፍሉና የሚያፈሉ ሌሎችም ተጨምረው ተከሳሾቹ ወደ 90 ደረሱ። የክሱ ጭብጥ አጭር ነው፦ ቡናችሁ አክሪላማይድ አለበት፣ እናንተ ደግሞ ሕጉ በሚፈልገው መንገድ አላስጠነቀቃችሁም።

ቡናው አክሪላማይድ እንዳለበት ማንም አልካደም። ሊካድም አይችልም። ክርክሩ መጠኑ ላይ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቁጠር።

ካሊፎርኒያ ለካንሰር አምጪ ኬሚካሎች «ይህን ያህል ከሆነ ማስጠንቀቅ አያስፈልግም» የምትለው መጠን አላት። መጠኑ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ 100,000 ሰዎች ዕድሜያቸውን ሁሉ፣ ማለትም 70 ዓመት፣ በየቀኑ ቢወስዱት ከአንድ በላይ ተጨማሪ የካንሰር ሕመምተኛ የማያስከትል መሆን አለበት። ለአክሪላማይድ በዚህ ስሌት የወጣው ቁጥር በቀን 0.2 ማይክሮግራም ነው። የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ፣ እሱም ለአምስት ተከፍሎ አንዱ እጅ።

አሁን ስኒውን እናምጣ። በአንድ ሊትር የተፈላ ቡና ውስጥ 8 ማይክሮግራም አክሪላማይድ አለ እንበል። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ኩባያ ውስጥ 1.9 ማይክሮግራም ገደማ ይሆናል። የመነሻውን መጠን አሥር እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ከ0.2 እንዳያልፍ የፈለገ ሰው በቀን 25 ሚሊ ሊትር ብቻ መጠጣት አለበት። አንድ ሁለቴ ፉት ማለት ነው።

ስለዚህ ተከሳሾቹ «መጠኑ ከተቀመጠው በታች ነው» ብለው መገላገል አልቻሉም። የቀራቸው መንገድ ይህ ቁጥር ለቡና አይሠራም ብሎ ማስረዳት ነው። ሕጉ ለዚህ በር ከፍቷል። ምግብ ለመብላት እንዲመች ወይም ከጀርም እንዲጸዳ ሲበስል የሚፈጠር ኬሚካል ከሆነ፣ የሕዝብ ጤና ምክንያት ካለ ከፍ ያለ መጠን ሊፈቀድ ይችላል። በሩ ክፍት ነው። ማስረጃ ይዞ መግባት ያለበት ግን ሻጩ ነው።

ለምን ተሸነፉ?

የጉዳዩን ሰነዶች ሳነብ ከሁሉም በላይ የቆየሁት እዚህ ላይ ነው።

ክርክሩ ደረጃ በደረጃ ተከፋፍሎ ተሰማ። በመጀመሪያው ዙር ኩባንያዎቹ «በቡና ውስጥ ያለው አክሪላማይድ የሚያሰጋ አይደለም» አሉ። ያቀረቡት ማስረጃ ግን በአመዛኙ ስለ ቡና ነበር። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ በካንሰር አለመያዛቸውን የሚያሳዩ ቁጥሮች። ዳኛው ኢሊሁ በርል በ2015 አልተቀበሉትም። የተጠየቀው ስለ ቡና ሳይሆን ቡና ውስጥ ስላለው አክሪላማይድ ነው። የዚያን የአንዱን ኬሚካል አደጋ በቁጥር ለክታችሁ አላሳያችሁም ነው ነገሩ። ሕጉ የሚጠይቀው ኬሚካል በኬሚካል ነው። እነሱ ይዘው የመጡት መጠጥ በመጠጥ ነው።

በ2017 ሁለተኛው ዙር ተሰማ። አሁን የተያዘው መከራከሪያ ከላይ ያነሳሁት በር ነው፦ ቡና ሳይቆላ ቡና አይሆንም፣ ለጤናም ይጠቅማል፣ ስለዚህ ከፍ ያለ መጠን ይፈቀድልን። ማርች 28 ቀን 2018 ዳኛው ይህንንም ውድቅ አደረጉ። ቡና መጠጣት ለሰው ጤና ጥቅም እንደሚሰጥ ተከሳሾቹ አላስረዱም አሉ። አንድ ነጥብ በተለይ ጎዳቸው። የከሳሽ ወገን ባለሙያዎች ቡና ጉዳት ያመጣል ብለው ሲመሰክሩ፣ የተከሳሾቹ የሕክምና ባለሙያዎች ግን ቡና ጥቅም ወይም ጉዳት «ያመጣል» ወይስ «አያመጣም» በሚለው ላይ አስተያየት የለንም ብለው ነበር።

ሳይንቲስት እንዲህ መናገሩ ያስመሰግነዋል። ያላወቀውን አውቃለሁ አላለም። ፍርድ ቤት ግን የማስረዳት ሸክም ያለበት ወገን «አስተያየት የለኝም» ካለ ሸክሙን ሳይወጣ ቀረ ማለት ነው። ይህን ዓይነት ክስ የሚጠብቅ ማንኛውም ድርጅት ከጠበቃው ጋር ቁጭ ብሎ አስቀድሞ መነጋገር ያለበት እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ባለሙያችን ምን ድረስ መናገር ይችላል? ሕጉስ የሚጠይቀው ምን ድረስ ነው? በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት በችሎት ቀን አይሞላም።

በማግሥቱ የዓለም ጋዜጦች «ፍርድ ቤት ቡና ካንሰር ያመጣል አለ» የሚል መንፈስ ያለው ዜና ይዘው ወጡ። ዳኛው እንዲህ አላሉም። ያሉት ሻጮቹ ማስረዳት ያለባቸውን አላስረዱም ነው። በሁለቱ መሃል የሰማይና የምድር ልዩነት አለ። ዜናውን ሰምቶ ስኒውን ያስቀመጠ ሰው በማያውቀው የሕግ ነጥብ ነው የደነገጠው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በነገራችን ላይ ሁሉም ተከሳሾች እስከዚያ ድረስ አልዘለቁም። ቢያንስ 13ቱ ውሳኔው ሳይሰጥ ተደራድረው ወጡ። ማስጠንቀቂያ ለመለጠፍና ገንዘብ ለመክፈል ተስማሙ። ሰቨን ኢለቨን የተስማማው 900,000 ዶላር ለመክፈል ነው። በእነሱ ቦታ ሆኖ ላየው የሚገርም ውሳኔ አይደለም። ስምንት ዓመት ጠበቃ ከመቀለብ አንድ ጊዜ ከፍሎ ወረቀት መለጠፍ ይቀላል። ሕጉን የሚተቹ ሰዎች የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚለጠፈው አደጋ ስላለ ሳይሆን ክስ ስለሚያስፈራ ይሆናል። ያኔ በየግድግዳው ይበዛል። ሲበዛ ደግሞ ሰው ማየት ያቆማል።

መፍትሔው ከሌላ በር መጣ

ኩባንያዎቹን ያዳናቸው ችሎቱ አልነበረም። የዝርዝሩ ባለቤት የሆነው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ የአካባቢ ጤና አደጋ ምዘና ቢሮ ነው።

ለመነሻ የያዘው ነገር በ2016 የተፈጠረ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1991 ቡናን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ውስጥ መድቦት ነበር። ምክንያቱ የሽንት ፊኛ ካንሰር ነበር። በ2016 ከ1,000 በላይ ጥናቶችን አይቶ ከዚያ ምድብ አወጣው። ቡና ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም አለ። እንዲያውም በጉበትና በማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ላይ አደጋው ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ጠቀሰ። አክሪላማይድ ለብቻው ሲታይ ግን ከ1994 ጀምሮ «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ» ከሚባሉት ምድብ ውስጥ ነው፣ ዛሬም እዚያው ነው። አንድ ንጥረ ነገር ለብቻው አስጊ ሆኖ፣ እሱን የያዘው መጠጥ ግን በአጠቃላይ የማያሰጋ ሊሆን ይችላል። ቡና ውስጥ አክሪላማይድ ብቻ አይደለም ያለው፣ ሌሎች ብዙ ንጥረ ነገሮች አሉ፣ ሰውነትን የሚጠብቁም ጭምር።

የዳኛው ውሳኔ በሜይ 2018 የመጨረሻ ቅርጹን ያዘ። መሥሪያ ቤቱ በጁን 15 አዲስ ደንብ ለማውጣት ሐሳብ አቀረበ። በኦገስት የሕዝብ አስተያየት ሰማ። በዚያው ወር የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኃላፊ የነበሩት ስኮት ጎትሊብ ደንቡን ደግፈው መግለጫ አወጡ። ቡና ላይ የካንሰር ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ሕዝቡን ከማስተማር ይልቅ ያሳስታል የሚል ነው። በኦክቶበር ቅጣቱን የሚወስነው የክርክሩ ዙር በይግባኝ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ደንቡ ጸድቆ በኦክቶበር 1 ቀን 2019 ሥራ ላይ ዋለ።

ይዘቱ አንድ አረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ቡና ሲቆላ ወይም ሲፈላ ከሂደቱ የሚፈጠሩና የማይነጠሉ፣ እስከ ማርች 15 ቀን 2019 ዝርዝሩ ውስጥ የገቡ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች የሚያሰጋ አደጋ አያስከትሉም።

ሰርት እጁን አልሰጠም። ደንቡ ሕጉን ይጻረራል፣ መሥሪያ ቤቱም እንዲህ የማድረግ ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ2020 ለኩባንያዎቹ ፈረደ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በኦክቶበር 2022 አጸናው።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ደንቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። መንገዱ ግን ይከነክነኛል። ፍርድ ቤት «አላስረዳችሁም» ያላቸው ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ሳያስረዱ ግዴታው ተነሣላቸው። ለገዢው ሰው የሚበጀው መሥሪያ ቤቱ ይህን ሥራ በ2002 የስዊድኑ ግኝት እንደወጣ ቢጀምረው ነበር። አንድ ኬሚካል በፋብሪካ መርዝነቱ ተመዝግቦ፣ ከዚያ በድንገት በየቤቱ ድስት ውስጥ ሲገኝ፣ የድሮው ቁጥር ለአዲሱ ነገር ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ የማንም ሳይሆን የዝርዝሩ ባለቤት ሥራ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት መጠበቅ አልነበረበትም።

ድንቹ ግን ሌላ መንገድ ሄደ

ተመሳሳዩ ኬሚካል፣ ተመሳሳዩ ሕግ፣ ሌላ ውጤት። በ2005 የካሊፎርኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ የድንች ቺፕስና የተጠበሰ ድንች አምራቾችን ከሰሰ። በ2008 ፍሪቶ ሌይ፣ ሃይንዝ፣ ኬትልና ላንስ በስምምነት ጨረሱ። የተስማሙት ወረቀት በመለጠፍ ብቻ አይደለም። በቺፕሱ ውስጥ ያለውን አክሪላማይድ በሦስት ዓመት ውስጥ ከቢሊዮን እጅ ወደ 275 እጅ ለማውረድ ጭምር ነው። ዕቃው ራሱ ተቀየረ። ስኳሩ ያነሰ የድንች ዝርያ መምረጥ፣ የመጥበሻውን ሙቀት መቀነስ፣ ቶሎ ማውጣት፣ ይህ ሁሉ ይቻላል።

ለእኔ የሕጉ ምርጥ ገጽታ ይህ ነው። «ማስጠንቀቂያ ልትለጥፍ ነው ወይስ ልታስተካክለው?» ብሎ ሲጠይቅና አምራቹ ማስተካከሉን ሲመርጥ። የአውሮፓ ኅብረት ከመነሻው የመረጠው ይህን መንገድ ነው። ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንቡ ካፌ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ለጥፉ አይልም። አምራቹ አክሪላማይድን እንዲቀንስ፣ እንዲለካና መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። ለተቆላ ቡና በኪሎ 400፣ ለፈጣን ቡና በኪሎ 850 ማይክሮግራም የመመሳከሪያ መጠን አስቀምጧል። ከዚያ ያለፈ አምራች ምን እንዳደረገና ምን እንደሚያደርግ መመለስ አለበት። ገዢው ምንም አያነብም። ጥያቄው ግን ከቁላው ቤት አይወጣም።

የቱ ይሻላል? ሰው የሚጠጣውን የማወቅ መብት አለው፣ ይህን የሚያህል መብት ለፋብሪካ መዝገብ ብቻ ትቼ መሄድ አልፈልግም። ግን መታወቅ ማለት ከስኳሩ ሥር የተሰወረች ወረቀት ከሆነ መብቱ ለይስሙላ ነው። ካሊፎርኒያም ይህን ያየችው ይመስላል። ከኦገስት 30 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የማስጠንቀቂያ ደንብ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ምልክት አመጣ። ቢያንስ የአንድ ኬሚካል ስም እንዲጠቀስም አዘዘ። «ኬሚካል አለበት» ብሎ ማለፍ እየቀረ ነው። በአጭር ጽሑፍ የሚለጠፉትም ማስጠንቀቂያዎች ስም እንዲጠሩ ከ2025 ጀምሮ ታዟል፣ ለመሸጋገሪያም ጊዜ ተሰጥቷል።

የአክሪላማይዱ ነገር በምግብ ላይ በፌዴራል ፍርድ ቤትም ቀጥሏል። የካሊፎርኒያ ንግድ ምክር ቤት በ2019 ክስ አቀረበ። ሳይንሱ ባልጠራበት ጉዳይ ነጋዴ ያላመነበትን ቃል እንዲናገር መገደድ የለበትም የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ በ2021 በምግብ ላይ አዲስ የአክሪላማይድ ካንሰር ክስ እንዳይከፈት አገደ። በ2025 እግዱ ቋሚ ሆነ።

ዛሬ ቡና የሚሸጥ ሰው ምን ይቀረዋል?

ብዙዎች «ቡና ነፃ ወጥቷል» ብለው ጉዳዩን ዘግተውታል። አልወጣም። የደንቡን ቃል መልሳችሁ ተመልከቱት። ነፃ የሆነው ከቁላቱ ወይም ከማፍላቱ የመጣው ብቻ ነው። ካንሰር የሚያመጡት ብቻ ናቸው። በ2019 ዝርዝሩ ውስጥ የነበሩት ብቻ ናቸው።

እንግዲህ የፍሬው ማሳ ላይ የተረጨ ፀረ ተባይ ከተረፈበት፣ ያ ከቁላቱ አልመጣም። ከማሽኑ ብረት የለቀቀ እርሳስ ከተገኘበት፣ ያም ከቁላቱ አልመጣም። ለጣዕም የተጨመረ ነገር ካለ እሱ ለብቻው ይታያል። የመጠጫው ኩባያ ቀለም ደግሞ ጭራሽ ቡናም አይደለም። በ2020 ዝርዝሩ ላይ የተጨመረ ኬሚካል ከሆነም ደንቡ አይሸፍነውም።

ስለዚህ ቡና የሚቆላ ወይም የሚያከፋፍል ጠንቃቃ ሰው የሚሠራው ሥራ አልቀረለትም። ከአቅራቢው የምርመራ ውጤት ይጠይቃል። «ደህና ነው» የሚል ደብዳቤ አይበቃውም፣ ቁጥሩን፣ የተመረመረበትን ቀንና የተመረመረውን የዕቃ ምድብ ይፈልጋል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚታደስ እሱም መዝገቡን ያድሳል። አንድ ኬሚካል በተገኘ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚጽፈው አንድ መስመር ነው፦ ይህ ከየት መጣ፣ ከእሳቱ ነው ወይስ ከሌላ? ከሌላ ከሆነ በአንድ ሰው ላይ በቀን ስንት ማይክሮግራም ይደርሳል? ያ ቁጥር ከተቀመጠው መጠን በላይ ከሆነና መቀነስ ካልተቻለ ማስጠንቀቂያው ይለጠፋል። የሚለጠፈውም ሰው ከመክፈሉ በፊት በሚያየው ቦታ፣ ከገንዘብ መቀበያው ፊት ለፊት ነው።